በመኮንኑ ወንበር የተቀመጡት መምህርት፤ አና ሮግስታድ

እዚህ ኦስሎ፣ ብሪን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ወሬያችን ሁሌም የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ያስጠጋን ሕዝብ የራሱን መብት እንዴት እንዳገኘ ግን እምብዛም አናነሳም። ዛሬ ስለ አንዲት ኖርዌያዊት ጥቂት እንላለን።

ወይዘሪት አና ሮግስታድ እ.ኤ.አ. በ1854 ኖርድሬ ላንድ በተባለ ገጠር ተወለዱ። በትሮንድሄይም አስተማሪነት ጀምረው በ1877 ወደ ክርስቲያንያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኦስሎ መጡ። (የኛ ብሪን ያኔ የከተማዋ አካል አልነበረችም፤ እስከ 1948 ድረስ በአከር ሥር ነበረች።) በ1885 ጊና ክሮግ የሴቶች የመምረጥ መብት ማኅበርን ሲመሠርቱ ሮግስታድ ከጎናቸው ቆሙ፤ ለብዙ ዓመታትም የማኅበሩ ምክትል ሆነው ሠሩ።

መብቱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ እየተሸራረፈ ነው የተሰጠው። ወንዶች ሁሉ በ1898 ሲፈቀድላቸው ሴቶች በዝምታ ታለፉ። በ1901 በአካባቢ ምርጫ እንዲሳተፉ ተፈቀደ፤ ግን በገቢ ልክ ነበር። በከተማ ቢያንስ 400፣ በገጠር 300 ክሮነር ገቢ ኖሯት ግብር የምትከፍል፣ ወይም ባሏ ይህን የሚከፍል ሴት ብቻ ትመርጣለች። እንግዲህ የድሃ ሚስትና ዝቅተኛ ደሞዝተኛዋ ገረድ ከደጅ ቀሩ ማለት ነው! በ1907 ይኸው ገደብ ያለበት መብት ወደ ፓርላማ ምርጫ ተሻገረ። የአካባቢው ምርጫ በ1910፣ የፓርላማው በ1913 ለሴቶች ሁሉ ተከፈተ።

ሮግስታድ ግን 1913ን አልጠበቁም። በ1909 ምርጫ የየንስ ብራትሊ ተለዋጭ ሆነው ተመረጡ። በኖርዌይ ሕግ ተመራጩ ሲጎድል ተለዋጩ ይተካል። ብራትሊ የጦር መኮንን ናቸው፣ ኋላም በ1912 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ እሳቸው ደግሞ ለሰላም የሚሟገቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ! መጋቢት 17 ቀን 1911 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በ56 ዓመታቸው በብራትሊ ወንበር ተቀመጡ። በኖርዌይ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ተለዋጭ ስለነበሩ ቦታውን አሳንሰው የሚያዩ አይጠፉም። በቀጥታ የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ሴት ካረን ፕላቱ ናት፤ ያውም በ1921። እኛ ግን በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሮግስታድ በ1912 የአገሪቱ ሴት መምህራን ኅብረት የመጀመሪያ መሪ ሆኑ፤ በ1938 አረፉ።

በኛ አገር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡት በ1957፣ በኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ነው። እሳቸውም መምህርት ነበሩ።

አንድ ነገር ለወገኖቻችን እንጨምር። ከ1983 ጀምሮ በኖርዌይ ሦስት ዓመት በሕጋዊነት የኖረ የውጭ ዜጋ፣ ፓስፖርቱን ባይቀይርም፣ በከተማና በክፍለ ሀገር ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። የገቢ መጠን የሚጠይቅ የለም። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ነው፤ ከ2023ቱ ቀጥሎ ያለው በ2027 ይሆናል።