በቆዳ ላይ የሳለው ሰዓሊ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ሕይወት አምዳችን የሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁብኝ።

አምና የሥዕል መምህራችን ቀለምና የሥዕል ደብተር እንድናመጣ አዘዙን። እኔ አልነበረኝም። እማዬን መጠየቅም ከበደኝ። ስለዚህ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ሆዴን አመመኝ እያልኩ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። መምህራችን ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም መሰለኝ፣ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው በስልካቸው የእስክንድርን ሥዕሎች አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

እስክንድር የተወለደው ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ነበር። አባቱ የአርመን ዘር ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን ሲሆኑ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። አባቱን ጣሊያኖች ወስደው ለዓመታት ስላሰሯቸው እስክንድር በአጎቱ ቤት አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ገና ወጣት ሳለ የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። እዚያ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጥቁር ምሁራንና አርቲስቶችን አገኘ። አፍሪካዊ ዘር ያለው የኩባው ሰዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራም በጣም ነካው። ታዲያ እስክንድር ፈረንጆቹን ብቻ አልቀዳም። የአገሩን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ መስቀሉን፣ ደብተራ የሚጽፈውን የጠልሰም ክታብ ከምዕራብ አፍሪካ ጭምብልና ተረት ጋር አዋሃደ። ሥራዎቹን የፓሪስና የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ወሰዷቸው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አገሩ ተመልሶ፣ ዛሬ አለ በሚባለው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ብዙ ጥቁሮች በሚማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1972 እስከ 2001 አስተማረ። ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ አረፈ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የሚስልበት ነገር ነው። በሸራ ላይ ብቻ ሳይሆን በፍየል ቆዳ፣ በብራና፣ ከዛፍ ልጥ በሚሠራ ጨርቅም ላይ ይስል ነበር። የልጥ ጨርቅ በኡጋንዳ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራ ነው። የዛፉን ልጥ ገፈው በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቅጡት እየሳሳና እየሰፋ ሄዶ ጨርቅ ይሆናል። ፓሪስን ያየ ሰው ሸራ አጥቶ አይደለም፤ ፈልጎት ነው።

አሁን ወደ ሰበታ ልመልሳችሁ። ድሮ በበዓል ማግስት ቆዳ ያለው እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። አሁን በኛ ሰፈር የሚገዛ ስለጠፋ ቆዳው ቦይ ዳር ተጥሎ ይሸታል። ሱሉልታና ቡራዩ ያሉ ዘመዶቼም እንደዚያው ነው ይላሉ። ለፋሲካ ጎረቤታችን የጣሉትን የፍየል ቆዳ አስፈቅጄ ወሰድኩ። ብራና ፋቂዎች እንደሚያደርጉት ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ በእንጨት ላይ ወጠርኩት፣ በቢላ ፋቅሁት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው እማዬ ተቆጥታ ከነእንጨቱ አስወጣችው። ውሻ በላው። የተረፈኝ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ ናት።

በሷ ላይ እማዬ ቡና ስትቆላ በከሰል ሳልኳት። እጇ ትንሽ ተንጋዷል። ለመምህራችን ሳሳያቸው ብዙ አልተናገሩም፣ ብቻ የክበባችን ክፍል ግድግዳ ላይ ራሳቸው ሰቀሏት። እማዬ ለወላጆች ስብሰባ መጥታ ስታያት ቆማ ቀረች። ቤት ስንገባ ለሚቀጥለው በዓል ቆዳውን ከቤት ርቄ እንድዘፈዝፈው ነገረችኝ።

ቀለም የላችሁም ብላችሁ ከሥዕል ክፍል የምትቀሩ ልጆች ካላችሁ፣ ረቡዕ ከሰዓት ወደ ክበባችን ኑ። ከሰል እኔ አመጣለሁ። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ለ ክፍል