መነኩሴው ሜርሰንና ያልተጣራው ዝርዝር

ጋዜጠኛ መረጃ ከማውጣቱ በፊት ማጣራት አለበት ሲባል በየክፍሉ እንሰማለን። ያወጣው መረጃ ተጣርቶ እስኪያልቅ 303 ዓመት የፈጀ ሰው እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሰውየው ጋዜጠኛ አይደለም፤ ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሰን ነው።

ሜርሰን እ.ኤ.አ. በ1588 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ላ ፍሌሽ በነበረው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በ1611 ሚኒም ወደሚባለው ማኅበር ገብቶ መነኮሰ። በዚያ ዘመን የዚህ ማኅበር መነኮሳት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ዕድሜ ልካቸውን አይቀምሱም ነበር።

በዚያ ዘመን የሳይንስ መጽሔት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ሊቃውንቱ አዲስ ነገር ሲያገኙ የሚነጋገሩት በደብዳቤ ነው፤ ብዙው ደብዳቤ ደግሞ የሚያልፈው ፓሪስ ባለው በሜርሰን ክፍል በኩል ነበር። ዴካርት ከሆላንድ፣ ፌርማ ከቱሉዝ ይጽፉለታል። እሱም የአንዱን ለሌላው ያደርሳል፣ ጥያቄ እየጨመረ ያፋጥጣቸዋል። ጋሊሊዮ ሮም ላይ በተፈረደበት ማግስት፣ በ1634፣ የመካኒክስ ሥራውን በፈረንሳይኛ ያሳተመለትም እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ እኩል የማይካፈል ነው። አምስት 2ዎችን አባዝተን 1 ብንቀንስ 31 ይመጣል፤ ብቸኛ ነው። አሥራ አንድ 2ዎችን ብናባዛና 1 ብንቀንስ ግን 2047 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። ታዲያ የሚሠራው ስንት 2ዎች ሲባዙ ነው? ሜርሰን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ድረስ ያሉት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። ትልልቆቹን በእጅ አስልቶ ሊፈትን እንደማይችል ግልጽ ነው።

127 ትክክል ሆኖ ተገኘ። 39 አሃዝ ያለው ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 አረጋገጠ። 67 ግን ስህተት ነበር፤ በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። 257ም ስህተት ነው፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለዋል። ዝርዝሩ ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ነው።

ሜርሰን በ1648 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በክፍሉ ውስጥ የ78 ሰዎች ደብዳቤ ተገኘ። ቁጥሮቹ ግን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። በ2024 የተገኘውና እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጠው ብቸኛ ቁጥር፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው፣ የሜርሰን ቁጥር ነው።

እንዲህ ተሳስቶ ስሙ ለምን ተከበረ? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄውን ደብቆ ስላልያዘው ነው። በግልጽ ስላወጣው ሌሎች ሊፈትኑትና ሊያርሙት ቻሉ። እኛ ግን በዚህ መጽናናት የለብንም፤ 303 ዓመት ቆሞ እርማት የሚጠብቅ አንባቢ የለንምና።