መሪ የጨበጠው መሐንዲስ

ድራይ ሳምፕን በደብተር ሥዕል ተምረነዋል። እኔ ግን ስሙ ሲነሳ የሚታወሰኝ ሩዶልፍ ኡለንሃውት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ለንደን ከጀርመናዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለደ። በ1931 ዳይምለር ቤንዝ ገባ፤ በ1936 የእሽቅድምድም መኪኖች ሙከራ ኃላፊ ሆነ። ታዲያ ሹፌሮቹ የሚነግሩትን ብቻ ሰምቶ መች ዝም አለ! ራሱ መሪ ጨብጦ ኑርቡርግሪንግ ላይ ነዳ።

ከጦርነቱ በኋላ ለ300 ኤስኤል በእጁ የነበረው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ቁመቱ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ 50 ዲግሪ ወደ ጎን አጋደለ፤ ቅባቱም ድራይ ሳምፕ ሆነ።

በተለመደው ሞተር ዘይቱ ከሥር ኦይል ፓን ውስጥ ይተኛል። መኪናው በፍጥነት ሲጠመዘዝ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ቤሪንግ ይቃጠላል። በድራይ ሳምፕ ግን አንዱ ፓምፕ የወረደውን ዘይት መጥጦ ለብቻው ወዳለ ታንከር ይመልሳል፤ ሌላው ከታንከሩ ወደ ቤሪንጎቹ ይገፋል። ኦይል ፓኑም ስለሚሳሳ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እርግጥ ተጨማሪ ፓምፕና ቱቦ ስላለው ውድ ነው።

በ1952 መኪናው 24 ሰዓት በሚፈጀው የለማን ውድድር 1ኛና 2ኛ ወጣ። በ1954 ለገበያ የቀረበው 300 ኤስኤልም ይህንኑ ዘዴ ይዞ መጣ። ኡለንሃውት በ1989 አረፈ።

እኛስ? ስሌቱን ጨርሰን ወርክሾፕ ካልወረድን፣ ዘይቱ የት እንደሸሸ በምን እናውቃለን?