የ47 ዓመቷ ሞተርና የ68 ዓመቱ ጎረምሳ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ሞጣ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ሞተር ሳይክል እዚያ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። መንገዱ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ነበር። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል ደግሞ በክረምት ጭቃው መኪና አያሳልፍም፤ የግብርና ባለሙያውም ሆነ የጤና ሠራተኛው በሞተር ካልሆነ ቀበሌው ጋ አይደርስም። ሞተሩ ሲበላሽ መለዋወጫው እንደልብ አይገኝም። ያኔ ያለው አማራጭ ከተገኘው ብረት ሞርዶ፣ በይዶ፣ አስተካክሎ ማስነሳት ነው።

ይህንኑ ሥራ በአንዲት ሞተር ላይ ከ40 ዓመት በላይ የሠራና በመጨረሻም የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ሰው አለ። ስሙ በርት ሙንሮ ይባላል፣ ኒውዚላንዳዊ ነው። ከሞተ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም የጥንት ሞተር ሳይክል ባለቤቶች ማኅበራት በተሰበሰቡበት ሁሉ ስሙ ሳይነሳ አይታለፍም። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙንሮ የተወለደው በ1899 በደቡባዊው የኒውዚላንድ ጫፍ፣ ኢንቨርካርጊል በተባለች ከተማ ነው። አብራው የተፀነሰችው መንትያ እህቱ ስትወለድ ሞታለች። ያደገው ከከተማዋ በስተምሥራቅ በሚገኝ የቤተሰቡ እርሻ ላይ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቅሩ ሞተር ሳይሆን ፈረስ ነበር። ከቤቱ ፈረሶች መካከል ፈጣኑን መርጦ እርሻውን ያቋርጥበታል፤ አባቱ ይቆጣሉ፤ እሱ ደግሞ በነጋታው ይደግመዋል።

ይህን ጠባይ ለመረዳት ለጎጃም ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ እስከ ዛሬ የሚጠራው በፈረሱ ስም አባ ኮስትር ተብሎ ነው። በዚያው በጎጃም፣ በአዊ በኩል፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። ፈረሰኛና ፈረሱ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሙንሮም ከሞተሩ ጋር እንዲሁ ሆኖ ቀረ፤ ሞተሯን በራሱ ስም ሙንሮ ስፔሻል አላት፣ ዓለም ደግሞ እሱን በሞተሯ አወቀው።

ክላይኖ የምትባል የእንግሊዝ ሞተር ገዛ። ሞተሯ በጎኗ ተጨማሪ ሰው የሚጫንባት ጋሪ ነበራት፤ ሙንሮ ጋሪውን ነቅሎ ጣለና ወደ ውድድር ገባ። ትልቁ ቀን ግን በ1920 መጣ። አዲስ ኢንዲያን ስካውት ገዛ። ኢንዲያን ሲባል ከህንድ ጋር አይገናኝም፤ አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በተባለ ከተማ ይሠራ የነበረ ሞተር ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 600 ሲሲ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የመጨረሻ ፍጥነቷ በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ በከተማችን ታክሲም ሳይቀር የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ሙንሮ 89 አልበቃውም። ከ1926 ጀምሮ ሞተሯን መፍታት ያዘ። ፈቶ አልጨረሳትም ቢባል ይቀላል።

ገንዘብ አልነበረውም። ቀን ቀን ሞተር ሳይክል እየሸጠና እየጠገነ ይውላል፤ ማታ ጋራዡ ውስጥ ይገባል። ፒስተን መግዛት ስለማይችል ብረት አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ እያፈሰሰ ራሱ ይሠራል። ሲሊንደሩን ራሱ ሠራ፤ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ (ፍላይዊል) ራሱ ሠራ፤ ቢየላውን ከትልቅ ተሽከርካሪ አክሰል ላይ በእጁ ቀርጾ አወጣ። የብረቱን ውፍረት የሚለካው በአሮጌ የጎማ ራጂ ነበር። በጎን ይከፈት የነበረውን የቫልቭ አሠራር ከላይ ወደሚከፈት ቀየረው፤ ይህ በፋብሪካ መሐንዲሶችም ዘንድ ቀላል ሥራ አይደለም። 600 ሲሲ የነበረችው ሞተር በመጨረሻ 950 ደረሰች።

ታዲያ ሁሉም አይሳካም። አንድ ክፍል ለመሥራት ወራት ይፈጅና በአንድ ሙከራ ላይ ይፈነዳል። ሙንሮ የፈነዱትንና የተሰነጠቁትን አልጣላቸውም፤ መደርደሪያ ላይ በረድፍ አስቀመጣቸውና ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች መሆናቸውን ከላይ ጻፈበት። ቀልደኛ ሰው ነበር። መሥዋዕቱ ግን ብረት ብቻ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትዳሩ ፈረሰ፣ ሥራውንም ተወ፣ ጋራዡ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ከሞተሮቹ ጋር መኖር ጀመረ። ስለ እሱ የተሠራው ፊልም ይህንን ክፍል እንደ ደስ የሚል ዕብደት ያልፈዋል። ለቤተሰቡ ያን ያህል የሚያስቅ እንዳልነበረ መገመት አያቅትም።

ኢንቨርካርጊል አጠገብ ኦሬቲ የሚባል ረጅም የባሕር ዳርቻ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ጠጥሮ እንደ አስፋልት ይሆናል። ሙንሮ የሚለማመደውም፣ ከጎረምሶች ጋር የሚወራረደውም እዚያ ነው። በ1957 በባሕር ዳርቻ ውድድር በሰዓት 211 ኪሎ ሜትር ሮጦ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ያዘ። ዕድሜው 58 ነበር። በዚያ ዕድሜ የኛ ሰው ጡረታውን ያስባል፤ ሙንሮ ግን አሜሪካ የሚገኘው ቦንቪል ላይ ዓይኑን ጣለ።

ቦንቪል በዩታ ግዛት የሚገኝ የጨው ሜዳ ነው። የአፋሩን የአሳሌ ጨው ሜዳ ያየ ሰው በቀላሉ ሊስለው ይችላል፤ ነጭ፣ ዝርግ፣ ማለቂያ የሌለው። የዓለም ፈጣን መኪኖችና ሞተሮች የሚፈተኑት እዚያ ላይ ነው። ሙንሮ በ1950ዎቹ መጨረሻ ልቡን መታመም ጀምሮ ነበር፤ ሐኪም ዕረፍት የሚያዝለት ዓይነት ሰው ነው። እሱ ግን መጀመሪያ ለመመልከት ብቻ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጊዜ ለውድድር ተመላለሰ።

በ1962 የመጀመሪያውን የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በ883 ሲሲ ክፍል በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር። እኛ ኢትዮጵያውያን ያንን ዓመት የምናስታውሰው በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ባነሳንበት ነው። በዚያው ዓመት የ63 ዓመቱ ሽማግሌ ዘመናዊ ፋብሪካ የሠራቸውን ሞተሮች በተሰለፉበት ሜዳ ላይ የ1920 ሞተር ይዞ ቀረበ። ሞተሯ እንደ ዓሣ ሾጠጥ ያለ ሽፋን ለብሳለች፤ ሙንሮ በውስጧ በደረቱ ተኝቶ ነው የሚነዳት። አንዴ ከገባ እንደልቡ መውጣት የለም። ብትገለበጥስ? እሱን ማሰብ የፈለገ አይመስልም።

የቦንቪል ሕግ ቀላል ነው ግን ጨካኝ ነው። አንድ ጊዜ በርሮ መሄድ ክብረ ወሰን አይባልም። ሄዶ፣ ተመልሶ፣ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። የመልስ ሩጫው የደርሶ መልስ ጨዋታ እንደማለት ነው፤ በመጀመሪያው የቱንም ያህል ብታገባ ሁለተኛው ያወርድሃል። ለአሮጌ ሞተር ደግሞ ከአንዱ ሩጫ ሳትፈነዳ መትረፍ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በ1966 በሌላ ክፍል፣ በ1000 ሲሲ፣ 270 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሁለተኛውን ክብረ ወሰን ወሰደ። በ1967 የመጣው ግን ለሞት ቅርብ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለች ሞተሯ መወላገድ ጀመረች። ሙንሮ ፍጥነቷን ለመቀነስ ከተኛበት ቀና አለ፤ ነፋሱ መነጽሩን ነጥቆ ወሰደው፣ ዓይኑንም አጨለመው። ሳያይ እየበረረ ከመስመሩ ወጣ፤ ከተተከለ የብረት ምልክት ጋር ለጥቂት ተላለፈ። በመጨረሻ ሞተሯን አስተኝቶ በጨው ላይ ተንሸራተተ። የተረፈው በጥቂት ጭረት ነው።

በዚያው በ1967 ክብረ ወሰኑን ሰበረ። የሁለቱ ሩጫ አማካይ 295.453 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆኖ ተመዘገበ። ለማጣሪያ ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ሩጫ ደግሞ 305.89 ደርሶ ነበር፤ ይሄኛው በሕጉ መሠረት ክብረ ወሰን አይሆንም። እሱ 68፣ ሞተሯ 47 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ አሸነፈው። በ1977 ስትሮክ መታው፤ እጁና እግሩ እንደቀድሞው አልታዘዝ አሉት። ሞተሮቹ ከአካባቢው እንዳይወጡ ስለፈለገ ኢንዲያኗንና ሌላዋን ቬሎሴት ሞተሩን እዚያው ኢንቨርካርጊል ለሚገኝ ነጋዴ ሸጠ። ጥር 6 ቀን 1978 በ78 ዓመቱ አረፈ። ኢንዲያኗ ለብዙ ዓመታት በነጋዴው የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ፣ በሚስማርና በመዶሻ መካከል ለጎብኚ ቆማለች።

በ2005 አውስትራሊያ የተወለደው ዳይሬክተር ሮጀር ዶናልድሰን አንቶኒ ሆፕኪንስን ይዞ ዘ ዎርልድስ ፋስተስት ኢንዲያን የተባለውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የብዙ ዓመት ምልልሱን ወደ አንድ ጉዞ ጠቅልሎታል፣ የ1962ቱንም ፍጥነት ከእውነተኛው በላይ አድርጎ አሳይቷል። በማግሥቱ በ2006 የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበር የዝና መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። በዚያው ዓመት የትውልድ ስፍራው የሳውዝላንድ ሞተር ሳይክል ክለብ በስሙ የተሰየመ ውድድር ጀመረ። ከመላ ኒውዚላንድና ከውጭ ባለ ሞተሮች ይመጣሉ፤ ተራራ መውጣት አለ፣ የከተማ መንገድ ውድድር አለ፣ ዋናው ግን በዚያው በኦሬቲ አሸዋ ላይ የሚካሄደው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የጥንት ሞተር ክለቦች አጥብቀው የሚይዙት ሕግ ኦርጅናልነት ነው። የቴላዮው ቁጥር ከሞተሩ ቁጥር ጋር ይመሳከራል፣ ቀለሙ ይጠየቃል፣ ብሎኑ ሳይቀር ይመረመራል። በዚህ ሚዛን የሙንሮ ሞተር ትወድቃለች፤ ከፋብሪካ ከወጣው ስካውት ብዙም የቀራት ነገር የለም። ሆኖም ስሟን ሰምቶ ኮፍያውን የማያነሳ የጥንት ሞተር ወዳጅ የለም።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ልጁ ጆን የ1967ቱን ሰነድ ሲያገላብጥ የሁለቱ ሩጫ አማካይ በስህተት መሠላቱን አስተዋለ። የአሜሪካ ማኅበር ጉዳዩን መርምሮ በ2014 አረመው፤ ሰውየው ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ክብረ ወሰኑ ወደ 296.2593 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። በ2017፣ በ50ኛው ዓመት መታሰቢያ፣ የሙንሮ የወንድም የልጅ ልጅ ሊ ሙንሮ ኩባንያው ባዘጋጀለት አዲስ ኢንዲያን ስካውት ቦንቪል ላይ ሮጠ። የደረሰበት ፍጥነት 307.8 ኪሎ ሜትር ነው። ሽማግሌው በቆርቆሮ ውስጥ ባቀለጠው ፒስተን ከደረሰበት በ2 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበልጣል።