ሄሚዩኑ፤ የንጉሡ ግንባታዎች ሁሉ አለቃ

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ26ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግብፅ የኖረው ሄሚዩኑ፣ ስማቸው ተመዝግቦ ከቆየልን ቀደምት የግንባታ ኃላፊዎች አንዱ ነው። አባቱ ልዑል ኔፈርማት የንጉሥ ስኔፈሩ ጠቅላይ ሹም ነበር፤ ልጁም ለንጉሥ ኩፉ በዚያው ማዕረግ አገለገለ። በተጨማሪም የንጉሡ ግንባታዎች ሁሉ አለቃ ተብሎ ተሹሟል። የታሪክ ሊቃውንት የጊዛውን ታላቅ ፒራሚድ ሥራ ለእርሱ የሚሰጡት ከዚህ ሹመት በመነሣት ነው።

የኃላፊነቱ ክብደት ከሥራው ስፋት ይታወቃል። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር፣ ቁመቱም 146 ሜትር ያህል ለነበረው ሕንፃ 2.3 ሚሊዮን የሚገመት ድንጋይ ገብቶበታል፤ የመሠረቱ ከፍታ ልዩነት ግን ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። መሣሪያው መዳብና ድንጋይ ነበር። ለንጉሡ የመቃብር ክፍል የዋለው ግራናይት ከአስዋን ተነሥቶ በዓባይ ላይ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ድንጋይ ጫኝ ጀልባዎችን ወደ ጊዛ ያደረሰው ሙላት፣ ከዳንግላና ከእንጅባራ ጭምር፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ የክረምት ውኃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ የተገኘው የመረር የሥራ መዝገብ፣ 40 ያህል ሰዎች ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ያመላልሱ እንደነበር ያስረዳል። በዚያን ጊዜ የበላይ ኃላፊው ሌላው ሹም አንክሃፍ ነበር፤ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል ማለት ነው።

የሄሚዩኑ መቃብር ከፒራሚዱ በስተ ምዕራብ ይገኛል። በዚያም በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቁመቱ 155 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸ የተቀመጠ ሰው ሐውልት ተደርጎለት ነበር። በግብፃውያን እምነት የሟቹ መንፈስ በሐውልቱ አድሮ መሥዋዕቱን ይቀበላል። ቀራጺው ሹሙን እንደ ጎልማሳ ጀግና አላሳመረውም፤ ደረቱ የወረደ፣ ሆዱ የተጣጠፈ፣ ሰውነቱ የወፈረ ባለሥልጣን አድርጎ ቀረጸው። በዚያ አገር ውፍረት የምቾትና የሹመት ምልክት ነበር።

ኋላ ዘራፊዎች ክፍሉን ሰብረው የሐውልቱን ዓይኖች ፈለፈሉ፣ ራሱንም ገነጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ኸርማን ዩንከር የሚመራው ቡድን አገኘው፤ ተጠግኖም በጀርመን በሂልደስሃይም ሙዚየም ይታያል። በእግሩ ሥር የተቀረጹት ስሙና ማዕረጎቹ ግን ከጥፋቱ ተርፈዋል።

ፒራሚዱ ሲጠራ የኖረው በንጉሡ ስም ነው። መሪው በሐውልቱ ግርጌ ባሉ ጥቂት መስመሮች፣ ድንጋይ አመላላሾቹም በአንድ የቡድን አለቃ መዝገብ ይታወቃሉ። ሥራ ያለ መዝገብ ሲቀር ሕንፃው ቆሞ ሠሪው ይረሳል።