የሕጻናትን ካንሰር በደጋና በቆላ ካርታ ያጠኑት ሐኪም

ደብረ ብርሃን፦ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ቁልቁል ለሚወርድ አርሶ አደር ምድሩ ራሱ መምህር ነው። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ጤፍ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ማሽላ ይቀበለዋል። ከፍታን የሚከተለው ሰብል ብቻ አይደለም፤ ወባም የምትበረታው በቆላ እንጂ ውርጭ በሚመታው ደጋ አይደለም። ሕጻናትን የሚገድል አንድ የካንሰር ዓይነትም እንዲሁ ከፍታን፣ ሙቀትንና ዝናብን እንደሚከተል ለዓለም ያሳዩት ዶክተር ዴኒስ ቡርኪት ናቸው።

ዶክተር ቡርኪት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1911 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው ምድር፣ በኢኒስኪለን ከተማ ነው። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም በአካባቢያቸው የሚኖሩትን ወፎች እየተከታተሉ የእያንዳንዷን የግዛት ወሰን በካርታ ያሰፍሩ ነበር። ልጃቸው በ11 ዓመታቸው በተወረወረ ድንጋይ ተመትተው አንድ ዐይናቸውን አጡ። በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ምሕንድስና ጀምረው ወደ ሕክምና ተዛወሩና በ1935 ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ሆነው አገለገሉ፤ በ1946 ደግሞ ወደ ኡጋንዳ ሄዱ።

በ1957 በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል አንድ የአምስት ዓመት ሕጻን እንዲመለከቱ የሥራ ባልደረባቸው ጠሯቸው። የልጁ መንጋጋ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አብጦ ነበር። የጥርስ ቁስል ቢሆን አንዱን ወገን እንጂ አራቱንም በአንድ ጊዜ አይዝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጂንጃ በተባለች ከተማ ሆስፒታል ሌላ ሕጻን በተመሳሳይ እባጭ ተይዞ አገኙ፤ ሆዱን ሲዳስሱትም በውስጡ ዕጢ ነበረ። የሆስፒታል መዝገቦችን ሲያገላብጡ፣ ሐኪሞች መንጋጋ፣ ሆድና ኩላሊት ላይ እያዩ የተለያየ በሽታ ያሏቸው ዕጢዎች በእርግጥ የአንድ በሽታ መልኮች መሆናቸውን ተረዱ። ግኝታቸውን በ1958 አሳተሙ። በሽታው ዛሬ በስማቸው የቡርኪት ሊምፎማ ይባላል። ዕጢው በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን የሚችል፣ ከሰው ካንሰሮች ሁሉ እጅግ ፈጣን ከሆኑት አንዱ ነው።

ቀጥሎ ያነሡት ጥያቄ፣ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ የሚል ነበር። ፎቶግራፍ የያዘ መጠይቅ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች ላኩ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ሐኪሞች ጋር በአሮጌ መኪና ተነሥተው በ10 ሳምንታት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ከ50 በላይ ሆስፒታሎችንም ጎበኙ። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ባለው ደጋ በሽታው እምብዛም አልተገኘም። ብርዱ በበረታበትና ዝናቡ እጅግ ባነሰበት ስፍራም እንዲሁ ጠፋ። ካርታው ትንኝ ከምትራባበት ምድር ጋር ተገጣጠመ።

በዚያው ዓመት በለንደን የሰጡትን ትምህርት ያደመጡት ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን የዕጢው ናሙና እንዲላክላቸው ጠየቁ። በ1964 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ በዕጢው ውስጥ አገኙ። ቫይረሱን የምታስተላልፈው ትንኝ አይደለችም፤ በምራቅ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ በተደጋጋሚ የሚይዝ ወባ የሕጻኑን የመከላከል ዐቅም ስለሚያናጋ ለካንሰሩ በር ይከፍታል።

የዶክተር ቡርኪት ትልቁ ውለታ ግን በሕክምናው ነው። ቀዶ ሕክምና ዕጢውን አላሸነፈም፤ የጨረር ሕክምናም በኡጋንዳ አልነበረም። ስለዚህ እንደ ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋሚድ ያሉ መድኃኒቶችን መስጠት ጀመሩ። የሕጻናቱ እባጭ በቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ ታየ፤ በጥቂት መጠን ብቻ ድነው ለዓመታት የኖሩም ነበሩ። ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ይድናል ብሎ የሚያምን ሐኪም ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ ተስፋ ነበር።

ሁሉም ግን አልዳኑም። በሽታው ወደ አንጎል ወይም ወደ መቅኔ የዘለቀባቸው ሕጻናት ዛሬ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ይባላሉ፤ ተመራማሪዎችም ስለ እነርሱ ሲደክሙ ቆይተዋል። በ2020 የታተመ ጥናት፣ በተለመደው መድኃኒት ላይ ሪቱክሲማብ የተባለው ሲታከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት ሕጻናት ከ82 ወደ 94 በመቶ ገደማ ከፍ ማለታቸውን አሳይቷል። ከኡጋንዳ የጀመረው መንገድ እዚህ ደርሷል።

ዶክተር ቡርኪት በ1966 ከኡጋንዳ ወጡ፤ በ1972 ስመ ጥር የሆነውን የላስከር ሽልማት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ተቀበሉ። በኋለኛው ዘመናቸው ገለባው ያልተለየው እህል ለአንጀት ጤና ያለውን ጥቅም ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1993 በ82 ዓመታቸው ዐረፉ።

የእርሳቸው ካርታ ደገኛውን ሊያዘናጋው አይገባም። የደም ካንሰር፣ የዐይንና የኩላሊት ዕጢ ደጋና ቆላ አይመርጡም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕጻናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ናቸው። ከምክንያቶቹ መካከል ዘግይቶ መምጣት፣ የመድኃኒት እጥረትና ሕክምናን ማቋረጥ ይገኙበታል።

ስለዚህ በፍጥነት የሚያብጥ መንጋጋ፣ ያለ ጊዜው የሚነቃነቅ ጥርስ፣ በሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እባጭ፣ በዐይን ብሌን የሚታይ ነጭ ብልጭታ፣ እንዲሁም ከገርጥነት ጋር የሚመላለስ ትኩሳት የታየበትን ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያሻል። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም የሕጻናት ካንሰር ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለት ቀን እጥፍ ለሚሆን ዕጢ ግን ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ቤት የሚታደርበት ሌሊት ይከፋል።