ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ፈረስ

ወልድያ፥ መርሳና ሐብሩ የሚገኙበት የየጁ አገር በዘመነ መሳፍንት ለጎንደር ዙፋን እንደራሴ የሚያወጣ አገር ነበር። የየጁን ራሶች የተፎካከሩትን የእንደርታውን ራስ ወልደ ሥላሴን ተማሪዎች በጦር ታሪካቸው ያውቋቸዋል፤ እኛ ግን ዛሬ በሰንጠረዣቸው ልናነሣቸው አሰብን።

ራስ ወልደ ሥላሴ የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ሲሆኑ፥ በ1736 ገደማ እንደ ተወለዱ ይገመታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል)። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ትግራይን ገዙ፤ መቀመጫቸውም ሕንጣሎና ጨለቆት ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ ግቢያቸው በመጣ ጊዜ ከመኳንንቱ ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አያቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቆች ነበሩ። የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው ያስፈነጥሩታል፤ በዙሪያው ያለ ሁሉ፥ አገልጋይ እንኳ ሳይቀር፥ እየጮኸ ይመክራል፤ እጁንም ሰዶ ጠጠር ያነሣል።

የሰንጠረዥ አጀማመር ከአውሮፓው ቼዝ እጅግ ይለያል። በየጁው ራስ ዓሊ ዘመን በአገራችን የኖረው ፕላውደን እንደ ገለጸው፥ ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ባንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፤ ያልተስማማቸውንም መልሰው ያሻሽላሉ። አንድ ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ተራም ይጀመራል። ስለዚህ ፈረስን በፈረስ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት የማን ሰልፍ እንደ ተሟላ ነው። ሰልፉን የጨረሰ ልውውጡን ያስቸኩላል፤ ያልጨረሰ ፈረሱን ያሸሻል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፈርዝ አንድ ቤት ብቻ በማዕዘን ይሄዳል፤ ፊልም በማዕዘን ሁለት ቤት ከመዝለል አያልፍም፤ ስለዚህ በመስመር ከሚሮጠው ከደር በቀር ፈረስን የሚተካከል የለም። ደግሞም ጭፍራውን ሁሉ ያጣ ብቸኛ ንጉሥ አይያዝምና፥ ልውውጥ ያበዛ ተጫዋች በእጁ የገባውን ድል ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። በፈረስ ወይም በደር ማሸነፍም ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ የሚደነቀው በፊል ወይም በመደቅ ሲሆን ነው። ይህ ደንብ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከአውሮፓው ይልቅ እኛን ይማርከናል።

ታዲያ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ሁሉ ሒሳብ በእውነት የሚፈትንባቸው ተጋጣሚ አግኝተው ይሆን? ሶልት እንደ ታዘበው፥ መኳንንቱ በብዙ ብልሃት እየተሸነፉ ጨዋታውን ሁሉ ለጌታቸው ይለቁላቸው ነበር።

የየጁው ራስ ጉግሣ ግን ጎንደርን አልለቀቁላቸውም። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816፥ በሰማንያ ዓመታቸው ገደማ፥ ዐረፉ። የየጁ ቤት ሥልጣን ከእርሳቸው በኋላ 37 ዓመት ዘለቀ፤ በ1853 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል እስኪነሡ ድረስ።